ከድንጋይ ከሰል በላይ ያለውን የኖራ ድንጋይ ስንሰይም የሚደጋገሙ ስህተቶች

ምሳሌዎቹ ሁሉ ከአሜሪካው የኢሊኖይ ተፋሰስ የተወሰዱ ናቸው። ተፋሰሱ (በድንጋይ ንብርብሮች የተሞላ ሰፊ ዝቅተኛ ስፍራ) አብዛኛውን ኢሊኖይን፣ ደቡብ ምዕራብ ኢንዲያናንና ምዕራብ ኬንታኪን ያካልላል።

ቁጥርን እንደ ስም መቁጠር። ስፕሪንግፊልድ የሚባለው ከሰል በኢሊኖይ «ቁጥር 5»፣ በምዕራብ ኬንታኪ «ቁጥር 9» ነው። ሄሪን ደግሞ በኢሊኖይ 6፣ በኬንታኪ 11 ነው። በስፕሪንግፊልድ ላይ ያረፈው የኖራ ድንጋይም በኢሊኖይ ሴይንት ዴቪድ፣ በኢንዲያና አልም ኬቭ ይባላል። የሁለት ክፍለ ሀገር መዝገብ ከማዋሃድዎ በፊት ቁጥሩን በስም ይተኩ።

ከሰሉ ላይ መጀመሪያ የተገኘውን የኖራ ድንጋይ መሰየም። ብዙ ካርታ የሚያበላሸው ይህ ነው! በስፕሪንግፊልድ ላይ ተርነር ማይን የተባለው ጥቁር ሼል (ከደቃቅ ጭቃ የተፈጠረ ስስ ንጣፍ ያለው ድንጋይ)፣ ከዚያ ሴይንት ዴቪድ ይመጣል። በሄሪን ላይ ደግሞ አና ሼል፣ ከዚያ ብሬርተን የተባለው የኖራ ድንጋይ። ባሕሩ ረግረጉን ደጋግሞ ስላጥለቀለቀ ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ የኖራ ድንጋዩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ችግሩ የሚብሰው በጥንቶቹ ወንዞች ዳር ነው። በጋላሺያ ቦይ አጠገብ ዳይከርስበርግ፣ በዎልሽቪል ቦይ አጠገብ ኢነርጂ የሚባሉ ግራጫ ሼሎች በከሰሉና በጥቁሩ ሼል መካከል ይገባሉ። እዚያ የኖራ ድንጋዩ ከከሰሉ ብዙ ሜትር ርቆ ይገኛል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። «ከከሰሉ በላይ ይህን ያህል ሜትር» እያለ የሚሰይም ሰው የላይኛውን ዑደት (የከሰል፣ የሼልና የኖራ ድንጋይ ተከታታይ) ድንጋይ የታችኛው ብሎ ይመዘግባል።

ስለዚህ ከከሰሉ ይጀምሩ። በሄሪን የታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ የምትገኘውን ቀጭን የሸክላ ንጣፍ፣ ማለትም «ሰማያዊ ቀበቶ» የሚሏትን፣ በኮሩ (ከጉድጓዱ በወጣው የድንጋይ ናሙና) ላይ ይፈልጉ። ቀጥሎ በጋማ ሬይ ሎግ (በጉድጓዱ ውስጥ የድንጋዩን ተፈጥሯዊ ጨረር የሚመዘግብ ልኬት) ላይ በከፍተኛ ንባቡ የሚታወቀውን ጥቁር ሼል ይያዙ፤ የኖራ ድንጋዩ ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ወደሚቀጥለው በቅርበት ይሂዱ፤ መካከሉን ዘልለው አያያይዙ። ንብርብሩ ከሌለ «የለም» ብለው ይጻፉ። ግራጫው ሼል ወፍራም በሆነበት ቦታ ከሰሉ ብዙውን ጊዜ ሰልፈሩ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ ትርጓሜዎን ለመፈተሽ ያግዛል።

በቀለም ወይም በውፍረት ማዛመድ፦ ሁለቱም በአንድ ማዕድን ማውጫ ውስጥ እንኳ ይለዋወጣሉ።

ከከሰሉ ሥር ባለው ሸክላ ውስጥ የሚገኙ የኖራ ጉብታዎችን ከላይኛው የባሕር ድንጋይ ጋር ማምታታት። የባሕር እንስሳት ቅሪቶች የሆኑት ክራይኖይድና ብራኪዮፖድ መኖራቸውን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ።

ኮኖዶንት (የጥንት የባሕር እንስሳት ጥቃቅን ጥርስ መሰል ቅሪት) ለማውጣት ድንጋዩን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማሟሟት። ኮኖዶንት ፎስፌት ስለሆነ አብሮ ይሟሟል፤ የተበረዘ አሴቲክ ወይም ፎርሚክ አሲድ ይጠቀሙ።