ከሰሜን ሸዋ ወደ ፔሩ ለምትሄዱ፦ ጉዞውን በከፍታ ቀምሩት

የፔሩን ተራሮች፣ የጥንቶቹን የኢንካ ሕዝቦች ፍርስራሽና የአማዞንን ደን በአንድ ጉዞ ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የየቦታውን ከፍታ እዩ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የፔሩ የተራራ ከተማ ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ገደማ። «እኛ ደገኞች ነን፣ ምን እንሆናለን» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም፤ ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ደገኛውንም ይይዛል። ስለዚህ ኩስኮ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ እዚያው አትደሩ። በመኪና ወደ ኦያንታይታምቦ ውረዱ። ከፍታዋ ከደብረ ብርሃን ጋር እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የኢንካዎቹ የድንጋይ እርከን ከከተማዋ ራስጌ ተደርድሮ ይታያል፤ ወደ ማቹ ፒቹ፣ ማለትም ወደ ታዋቂው የኢንካ ከተማ ፍርስራሽ የሚወስደው ባቡርም ከዚያው ይነሳል። ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነ አይከብዳችሁም። ኩስኮን ሰውነታችሁ ከለመደ በኋላ ተመለሱባት።

ለእኛ ይበልጥ የሚከብደው ደኑ ነው፤ ወበቁም ወባውም። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ፣ ቢጫ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። ስለ ወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክሩ።

ወሩን በተመለከተ፣ የእኛ ክረምት የእነሱ ደረቅ ወቅት ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ጥሩ ናቸው። የኩስኮ ሌሊት ያን ጊዜ እንደ ደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ይቆረጥማል፤ ጋቢያችሁን ያዙ። የማቹ ፒቹ መግቢያ ትኬት ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት ስለሚሸጥ ቀድማችሁ ግዙ። የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ የፔሩን ብቻ ሳይሆን የምታልፉበትን አገር የቪዛ ሕግም አጣሩ።