የጋራዥ በር ሲበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሪሞቱ ተጭኖ በሩ አንድ ክንድ ያህል ተነሥቶ ሲቆም ጥርጣሬው ወዲያው ሞተሩ ላይ ይወድቃል። አዲስ ሞተር ይገዛል፣ ይገጠማል፣ በሩ ግን ያው ነው። የሁለት መኪና ጋራዥ በር ብዙ ጊዜ ከ150 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ይህን ሸክም የሚችለው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሞተር ሳይሆን ከበሩ በላይ የተጠመዘዘው የብረት ሞላ ነው። ሞተሩ ክብደቱ የተቃለለለትን በር ይመራል እንጂ አይሸከምም። አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዙ ወገኖች የሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

ሚዛኑን ሳይፈትሹ ሞተር መቀየር

በሩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ ከሞተሩ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስበው በሩን ከሞተሩ ያላቁ፤ ከዚያ በእጅዎ እስከ ወገብዎ ያንሱትና ቀስ ብለው እጅዎን ያላሉ። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ወደ ታች ከወረደ ደክሟል፣ ወደ ላይ ከሸሸ ከልክ በላይ ተወጥሯል። ጨርሶ አልነሣ ካለ ሞላው ሳይሰበር አይቀርም፤ አይታገሉት። ቀዩን ገመድ በሩ ክፍት ሳለ መሳብ ግን ትልቅ አደጋ አለው፤ ሞላው ተሰብሮ ከሆነ በሩ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል።

ሞላውን በራስ መፍታት

የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች በጣም የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። የተጠመዘዘ ሞላ በሩን በሙሉ የሚያነሣ ጉልበት ታምቆበታል። ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ዘንግ ፈንታ ካቻቢቴ ሰክቶ ሊያላላ የሚሞክር ሰው ካቻቢቴው ፊቱ ላይ ሊወነጨፍ ይችላል። በበሩ ግርጌ ግራና ቀኝ ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የተቀቡ ብረቶችም የተወጠረውን ገመድ የያዙ ናቸውና ብሎናቸውን አይንኩ። ይህን ለባለሙያ ይተዉት።

መደበኛ ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ጊዜ ያህል ከፍቶ መዝጋት ነው። በቀን 4 ጊዜ ለሚከፈት በር ይህ ወደ 7 ዓመት ይጠጋል። አንዱ ሌሊት፣ ሌላው ቀን የሚሠራበት ቤት ግን በሩ በቀን 8 ጊዜ ሊከፈት ስለሚችል ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። ሁለት ሞላ ካለና አንዱ ከተሰበረ ሁለቱንም አንድ ላይ ማስቀየር ይሻላል፤ አብረው ነው ያረጁት።

በቆዩ ቤቶች ሞላው ከበሩ በላይ ሳይሆን ከግራና ቀኝ ሐዲዶቹ ጎን ተለጥጦ ይገኛል። በውስጡ የሚያልፍ መያዣ የብረት ገመድ ከሌለው በተበጠሰ ቀን ተስፈንጥሮ መኪና ወይም ሰው ይመታል። ገመዱን ማስገባት ብዙ ወጪ የለውም።

አሮጌውን ሞተር «ይሠራልና» ብሎ መተው

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ የተሠሩ የቤት ጋራዥ ሞተሮች በር ሲዘጋ ሰው እንዳይጨፈለቅ የሚከላከል መሣሪያ እንዲኖራቸው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያስገድዳል፤ የተለመደው ከወለሉ ከ6 ኢንች ባልበለጠ ከፍታ በበሩ ግራና ቀኝ የሚተከለው፣ አንዱ ጨረር የሚልክ ሌላው የሚቀበል ጥንድ ሴንሰር ነው። ሕጉ የወጣው ልጆች በር ሥር እየተያዙ ስለሞቱ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሞተር ያለበትን ቤት ከገዙ ሞተሩን ይቀይሩ። በዚህ ላይ ቁጠባ አይገባም።

ከዚህ የባሰው ሴንሰሩ ሲያስቸግር ሁለቱን ነቅሎ ጣሪያ ላይ ፊት ለፊት ማሰር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የልጆቹን መከላከያ አንሥቷል። ብዙ ጊዜ ችግሩ መስተዋቱ ላይ ያለ አቧራ፣ የተዛባ አቅጣጫ ወይም የፀሐይ ጨረር ነው። ላስቬጋስ ውስጥ ወደ ምዕራብ የዞረ በር ከሰዓት በኋላ አልዘጋ የሚለው ፀሐይዋ ተቀባዩን ሴንሰር ስለምታሳውረው ነው፤ ላኪውንና ተቀባዩን ቦታ ማቀያየር ይፈታዋል።

በወር አንዴ ደግሞ 1.5 ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ ከበሩ ሥር አጋድመው ይዝጉ። በሩ ነክቶት ወዲያው ካልተመለሰ እስኪስተካከል በሞተር አይጠቀሙ።

በብርድ ጊዜ ጉልበት መጨመር

ሚኒሶታ ክረምት ሲገባ የበሩ ግርጌ ያለው ማሸጊያ ጎማ ከሲሚንቶው ጋር በበረዶ ይጣበቃል። ሪሞቱን ደጋግሞ መጫን የሞተሩን ጥርስ ይበላል ወይም ጎማውን ይገነጥላል። የፈላ ውኃ ማፍሰስም መልሶ ስለሚቀዘቅዝ በረዶውን ያወፍረዋል። በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ፣ ቀስ ብሎ መፈልፈል፣ ከዚያ ወለሉን ማድረቅ ነው።

በሩ በብርድ ሲከብድ አንዳንዱ የሞተሩን የግፊት መጠን ከፍ ያደርጋል። ክረምቱ ያልፋል፣ መጠኑ ግን እዚያው ይቀራል፤ በሩ ልጅ ሲነካ መመለሱን የሚተወው እንዲህ ነው። ብርዱ ያወፈረው ግራሶ ከሆነ መፍትሔው ግራሶውን መጥረግና በማጠፊያዎቹ፣ በኩሽኔታዎቹና በሞላው ላይ ነጭ ሊትየም ወይም ሲሊኮን የተባለውን የሚረጭ ቅባት መርጨት ነው። ሐዲዱ አይቀባም፣ ይጠረጋል። ከመንገድ የሚመጣው ጨው የግርጌውን ብረትና ገመድ ስለሚያዝግ በየጊዜው ማጠብ ያስፈልጋል።

ለሙቀት ሲባል በሩ ላይ የሚለጠፍ መከላከያም ክብደት ነው። ከለጠፉ በኋላ ሚዛኑን ያስፈትሹ።

በማዕበል አካባቢ ማንኛውንም በር መግጠም

ፍሎሪዳ ወይም የሂውስተን አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ነፋስ ለመቋቋም የተመሰከረለት በር ያስፈልጋል። የጋራዥ በር ሲሰበር ነፋሱ ገብቶ ከውስጥ ጣሪያውን ይገፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ የተባለው ማዕበል ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ ብዙ ቤቶች የተጎዱት እንዲህ ነው። የተጎዳ ክፋይ ሲቀየርም የበሩ የነፋስ ምስክር እንደማይነካ ይጠይቁ።

ዋጋውን በቃል መስማማት

ርካሽ የጉብኝት ዋጋ አስተዋውቆ፣ ቤት ከደረሰ በኋላ «ሁሉም መቀየር አለበት» የሚል ሠራተኛ አለ። ሥራው ሳይጀመር ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሞላው ለበሩ ክብደት የተመረጠ መሆኑንና ለስንት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት እንደተሠራም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ባለ 20,000ም አለ።