የጥበብ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፦ ሦስተኛውን ቀን ልብ በሉ

የታችኛው የጥበብ ጥርሴ (ከመንጋጋ መጨረሻ፣ ዘግይቶ የሚበቅለው) የተነቀለው አገሩን ገና ሳልለምድ ነው። ሐኪሟ ስትጨርስ በፍጥነት ብዙ ነገር ነገረችኝ። ግማሹ አልገባኝም። ግን ራሴን እየነቀነቅሁ «እሺ፣ እሺ» ብዬ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ሲዘልቅ «ቁስል ነው፣ ይሽራል» ብዬ ሁለት ቀን ቻልኩት። መቻል አልነበረብኝም። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። እዚያ ውስጥ ደም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም ለአጥንቱና ለነርቩ ክዳን ነው፤ አዲስ ሥጋ የሚበቅለውም በእሱ ላይ ነው። የሚሰጧችሁ ምክር አብዛኛው እሱን ለመጠበቅ ነው። ቁስሉ ላይ የሚያደርጉላችሁን ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠበቅ አድርጋችሁ ንከሱ፤ በየደቂቃው እያወጣችሁ አትዩት። በመጀመሪያው ቀን አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ። በስትሮ ለጥቂት ቀናት አትጠጡ፣ መሳቡ ደሙን ሊነቅለው ይችላል። የምታጨሱ ካላችሁ ቢያንስ ለ3 ቀን ተዉት፤ ይህን ለምኜ ነው የምላችሁ። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ፣ ምግብ በበላችሁ ቁጥር አፋችሁን ቀስ ብላችሁ እጠቡ።

እብጠቱ አያስደንግጣችሁ። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው የሚብሰው። አፍ እንደ ልብ አልከፈት ማለቱም ያለ ነው። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ጉንጫችሁ ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ እያሳረፋችሁ ያዙ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀስ በቀስ መሻል አለበት።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ሕመሙ መሻል ሲገባው ከባሰ፣ ወደ ጆሮና ወደ ጆሮ ግንድ ከዘለቀ፣ አፋችሁ መጥፎ ጣዕም ወይም ሽታ ካመጣ፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። ድራይ ሶኬት ይሉታል። በታችኛው የጥበብ ጥርስ ላይ ይበዛል፤ የሚያጨሱ ሰዎችና የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች የበለጠ ይጋለጣሉ። ሕክምናው ከባድ አይደለም። ጉድጓዱን አጥበው መድኃኒት የተቀባ ማሸጊያ ያስገቡበታል። እኔ ከወንበሩ ሳልነሳ ነው ቀለል ያለኝ። ሁለቱን ሌሊት ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

የማስታገሻ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ፓራሲታሞል የምንለው አንዳንድ አገር አሴታሚኖፌን ይባላል። መድኃኒቱ አንድ ነው። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ይገባል። ስሙ ስለተለየ ብቻ ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ ሰው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል፤ ለአዋቂ ከ4 ግራም በላይ በቀን አይወሰድም። አይቡፕሮፌን ለዚህ ሕመም ጥሩ ነው፤ ግን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። አያሳፍርም። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፣ የሚነገረው ነገር ለልጅ ይከብዳል። በብዙ አገር የጥርስ ሕክምና ከጤና ኢንሹራንሱ ተለይቶ ስለሚታይ፣ መሸፈኑን ከመነቀሉ በፊት አጣሩ። የሚያስተኛ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከተሰጣችሁ መኪና አትነዱም፤ ቤት የሚያደርሳችሁ ሰው ይኑር። ሥራችሁ ሸክም ያለበት ከሆነ ለጥቂት ቀናት ፈቃድ ጠይቁ፤ ጉልበት ስታወጡ መድማቱ ሊመለስ ይችላል።

ከንፈር፣ አገጭ ወይም ምላስ በማግስቱም ከደነዘዘ ንገሯቸው። ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፣ ግን መመዝገብ አለበት። ከላይኛው ጥርስ በኋላ የጠጣችሁት ውሃ በአፍንጫ ከመጣም እንዲሁ። ትኩሳት፣ መግል፣ ጎዝ ነክሳችሁም የማይቆም ደም፣ ከ3ኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት ካለ በዚያው ቀን ደውሉ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃታችሁ ግን ክሊኒክ አትደውሉ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስትደውሉ ረጅም ነገር አያስፈልግም። ጥርሱ የተነቀለበትን ቀን፣ የትኛው ወገን እንደሆነና «ከትናንት ዛሬ ብሶብኛል» የሚለውን በአገሩ ቋንቋ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እያነበባችሁ ንገሯቸው።