የአራስ እግር በሜትር ሲለካ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛ ልጄን በቀዶ ጥገና በወለድኩ በዘጠነኛው ቀን ግራ ባቴን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እናቴ «ብርድ ገብቶሽ ነው» ብላ ቅቤ አቅልጣ ልታሸኝ እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔ ደግሞ በሙያ ልማድ ሜትሬን አነሣሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከጉልበት በታች ፊት ለፊት ከሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ቁጠሩና በሁለቱም እግር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ዙሪያውን ለኩ፤ ሜትሩ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይነቀው። ቀኜ 34፣ ግራዬ 37 ሆነ። ቀሚስ ቢሆን 3 ሴንቲ ሜትር በአንድ ስፌት ይጠባል፤ አንድ ባት ላይ ሲሆን ግን የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ ሁለቱም እግር እኩል ማበጡ የተለመደ ነው። የሚያስጠረጥረው አንዱ ብቻ ሲያብጥ፣ ሲግል፣ ሲቀላ ወይም ሲያም ነው። ልኩ እኩል ሆኖ ሕመሙ ካለም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

የታመመውን እግር ማንም እንዳያሸው፤ እናትም፣ ወጌሻም። የረጋው ደም ተቆርሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ስትተነፍሱ ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ደም ካሳላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ያልኩት «እግሬን አመመኝ» ብቻ ነው። እናንተ ገና ስትገቡ «አራስ ነኝ፣ የወለድኩት በቀዶ ጥገና ነው» በሉ። በእርግዝና ጊዜ ደም ቶሎ የሚረጋ ይሆናል፤ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት አደጋው ከፍ እንዳለ ይቆያል። ምርመራው በደም ሥር ውስጥ የደሙን ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው።

የእኔም ደም መርጋት በዚህ ታወቀ፤ የታዘዘልኝ ኢኖክሳፓሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ነው። የሆድ ቆዳ ቆንጥጦ ይወጋል፤ ቦታው ከዚያ በኋላ አይታሽም። ጡት ማጥባት አይከለክልም፤ እናቴ ይህን ከሐኪሙ አፍ እስክትሰማ ድረስ ለልጁ የላም ወተት ስታፈላልግ ነበር። እብጠቱ ቢጎድልም ሕክምናው አይቋረጥም፤ ቢያንስ 3 ወር ይወስዳል። የወሊድ መከላከያ ስትመርጡም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንዳይሰጣችሁ የሆነውን ተናገሩ።

ዘንድሮ እህቴ ስትወልድ እናቴ ገንፎውን አቅርባ «ብዪና ተኚ» አላለችም። «ውሃ ጠጪ፣ ኮሪደሩን ዞረሽ ነይ» ስትል ሰማኋት። ሜትሬን ይዛ ሄዳ እስካሁን አልመለሰችልኝም።