ፒክአፑን ከመለወጣችሁ በፊት
ጎንደር ላይ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ ፒክአፕ ያላችሁ፣ በባለ ሁለት ዲፈረንሻል (በአራቱም ጎማ በሚሄድ) ከመለወጣችሁ በፊት ክረምቱን የት እንደምትነዱ አስቡ። ሥራችሁ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ካለው አስፋልት ካልወጣ አይለወጥ፤ ነዳጁም ጥገናውም ይከብዳችኋል። ባዶ ፒክአፕ የሚንሸራተተው ኋላው ስለሚቀል ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ግጠሙ፣ ከኋላው አክስል በላይ ጥቂት ጆንያ አሸዋ ጭናችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የደንቢያ ዋልካ ግን ሌላ ነገር ነው! ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ይደፍነዋል፣ ኋላው ባለበት ይሽከረከራል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ የሚመላለስ ሰው ሳያመነታ ይለውጥ። ስትገዙ የፊቱን ዲፈረንሻል በጭቃ ወይም በጠጠር መንገድ አስገብታችሁ ሞክሩ። በደረቅ አስፋልት አታስገቡት፤ አብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ ማርሹንና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል።