በእንግሊዝ ገጠር ብስክሌት ሲነዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለንደን ውስጥ ብስክሌት የለመደ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ገጠር ሲወርድ ትከሻው ወዲያው ይላላል። አውቶቡስ የለ፣ የትራፊክ መብራት የለ፣ ድንገት በሩን የሚከፍት ታክሲ የለ። ግራና ቀኝ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከፊት የድንጋይ ቤቶች፣ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው መላላት ነው። መንገዱ ጭር ይበል እንጂ ገበሬው ትራክተሩን፣ ባለ ፈረሱ ፈረሱን፣ ፖስተኛው መኪናውን ይዞ የሚውልበት የሥራ ቦታ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ቆሞ ሲነሱ ግራን መርሳት

እንግሊዝ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብስክሌት ለተማርን ሰዎች ግን በቀኝ መንዳት አጥንታችን ውስጥ የገባ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ ችግር የለውም፤ ከፊት የሚመጣው መኪና ያስታውሰናል። ገጠር ላይ አስታዋሽ የለም። ስህተቱ የሚመጣው ደግሞ እየነዳን ሳለ ሳይሆን አርፈን ስንነሳ ነው። ቻርልበሪ አካባቢ አንድ የእርሻ በር ጥግ ቆሜ ውሃ ጠጣሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ከዚያ ዘና ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። በቀኝ በኩል እየሄድኩ መሆኔን ያወቅሁት ኩርባው ላይ ትራክተር ፊት ለፊት ሲገጥመኝ ነው። ሹፌሩ አልተቆጣም፤ በአንድ ጣቱ ወደ ማዶው ጠርዝ ጠቆመኝና ጠበቀኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የምቆመው በግራ ጠርዝ ብቻ ነው፤ የፊት ጎማዬም ወደምሄድበት አቅጣጫ እንደዞረ ይቆያል።

የመንገዱን ጥበት ከፍጥነት ገደብ ጋር ማምታታት

ከመንደር ስትወጡ ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት ታያላችሁ። መሃሉ ላይ አካፋይ በሌለው ተራ መንገድ ላይ ትርጉሙ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆንም ሕጋዊው ጣሪያ ያው ነው። ማንም ጤነኛ ሰው በዚያ ፍጥነት አይነዳበትም ትሉ ይሆናል፤ ግን አካባቢውን በቃሉ የሚያውቅ ነዋሪ ከምትገምቱት በላይ ይፈጥናል። በኬንት፣ በኖርፎክና በሰፎክ «ኳይት ሌን» (ጸጥተኛ መንገድ) የሚል ሰሌዳ ያላቸው መንገዶች አሉ፤ ሰሌዳው ብቻውን ግን የፍጥነት ጣሪያውን አይቀንስም።

ብዙ ጀማሪ ይህን ሲሰማ አጥሩ ላይ ተለጥፎ ይነዳል። እሱ ይብሳል። ጠርዝ ላይ ያለን ሰው ከኩርባው ወዲያ የሚመጣው ሹፌር የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ጠጠሩ፣ ጭቃውና ጉድጓዱ የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። በጥር 2022 በፈረንጆች አቆጣጠር የተሻሻለው የአገሪቱ የመንገድ ደንብ፣ ሃይዌይ ኮድ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ብስክሌተኛው የመስመሩን መሃል እንዲይዝና ከኋላ ፈጣን ተሽከርካሪ ሲመጣ፣ አደጋ የማያመጣ ከሆነ፣ ወደ ግራ ሸሸት ብሎ እንዲያሳልፍ ይመክራል። እስከ 30 ማይል ፍጥነት ያለው መኪና ብስክሌት ሲያልፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅም ይላል። መንገዱ ራሱ ያን ያህል ስፋት ከሌለው ሰፋ ያለ የማሳለፊያ ቦታ እስክታገኙ መሃሉን ይዛችሁ መቀጠል ነውር የለውም። ስታሳልፉት እጃችሁን አንሱለት፤ ገጠር ውስጥ ይህች ሰላምታ ዋጋ አላት።

ስልኩ መንገድ ያለውን ሁሉ መንገድ ብሎ ማመን

መተግበሪያው ላይ ቀጭን መስመር ተስሏል፤ ስትደርሱበት በርና ጭቃ ነው። ቢጫ ቀስት ያለበት ለእግረኛ ብቻ የተፈቀደ ፉትፓዝ ነው፤ ብስክሌት መንዳት አይቻልም። ሰማያዊ ቀስት ያለበት ብራይድልዌይ የፈረስ መንገድ ሲሆን፣ ከ1968 ወዲህ ብስክሌተኛም ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እየሰጠ እንዲያልፍበት ሕግ ፈቅዷል። ተፈቀደ ማለት ግን በቀጭን ጎማ ይሄዳል ማለት አይደለም። በብርዱ ወራት የፈረስ ኮቴ የፈለፈለው ጭቃ አስፋልት ለለመደ ብስክሌት መቃብር ነው። በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በቀይ መደብ የተጻፈ ነጭ ቁጥር ያላቸው የናሽናል ሳይክል ኔትወርክ፣ ማለትም የአገር አቀፉ የብስክሌት መረብ፣ መስመሮችም ሁሉም አስፋልት አይደሉም። እኔ ከመውጣቴ በፊት የአገሪቱን የካርታ ድርጅት፣ የኦርድናንስ ሰርቬይን፣ ባለ 1፡50,000 ካርታ አያለሁ፤ ቢጫ የተቀባው ትንሽ መንገድ ነው የኛ መንገድ። የተጠራጠርኩትን ቦታ በሳተላይት ፎቶ አጣራለሁ።

ዳገቱን መናቅ

ይህ ስህተት በተለይ የኛ ነው። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ችግሩ ከፍታው አይደለም፣ አወጣጡ ነው። ብዙው የገጠር መንገድ የእግረኛና የጋሪ መንገድ የነበረ ስለሆነ ተራራውን እየዞረ አይወጣም፤ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ለሦስት መቶ ሜትር ትሰቃያላችሁ፣ ከዚያ ትወርዳላችሁ፣ ወንዙን ትሻገራላችሁ፣ እንደገና ትወጣላችሁ። ዴቨን ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። በጠዋቱ ጉልበታችሁን የጨረሰው ትልቅ ተራራ ሳይሆን የማይቆጠሩት ትንንሾቹ ይሆናሉ።

ካርታው ላይ መንገዱን የሚያቋርጡ ቀስቶች አሉ፤ አንድ ቀስት ከ14 እስከ 20 በመቶ ተዳፋት፣ ሁለት ቀስት ከ20 በመቶ በላይ ማለት ነው። ሁለት ቀስት ካያችሁ ማርሻችሁን አስቡ። ሌክ ዲስትሪክት ውስጥ ያለው ሃርድኖት ፓስ 33 በመቶ ይደርሳል፤ እዚያ ወርዶ መግፋት አያሳፍርም። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር የተዞረበት ቦክስ ሂል ግን ዝነኛ ይሁን እንጂ በቀስታ የሚወጣ ለስላሳ ዳገት ነው። እሱን ወጥቶ የእንግሊዝን ዳገት አወቅሁ ማለት እንጦጦ ሥር ቆሞ ዳሸንን ወጣሁ እንደማለት ነው።

ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ፔዳሉ ከከበደ በኋላ ሲቀየር ካቴናው ይወልቃል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የወደቀ እርጥብ ቅጠል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ላይ አትያዙ።

ፈረስን በደወል ማስደንገጥ

ከተማ ውስጥ ደወል ጨዋነት ነው። ከፈረስ ኋላ ግን ድንገተኛ የብረት ድምፅ ፈረሱን ሊያስበረግገው፣ ጋላቢዋን ሊጥላት ይችላል። ሰው በድምፁ መናገር ይሻላል፤ ከሩቁ «ሄሎ» በሉ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ መልሷን ጠብቁ፣ ከዚያ በሰፊው በቀኝ በኩል እለፉ። በግራ በኩል ማለፍ የለባችሁም፤ ደንቡም የሚለው እንደዚያ ነው። አንድ ጊዜ ድካም ላይ ሆኜ «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ተጣራሁ። ፈረሱ ጆሮውን አዙሮ ሰማኝ፣ ጋላቢዋ ሳቀች፣ አሳለፉኝ። ለካ የሚያረጋጋው የሰው ድምፅ መሆኑ ነው፣ ቋንቋው አይደለም።

በመስከረም አንድ ካላማዳሪያ ይዞ መውጣት

ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት ገበሬዎች የቁጥቋጦ አጥር እንዳይቆርጡ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ፣ በፈረንጆቹ ወር ማለቴ ነው፣ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሴፕቴምበር ሲገባ ማጨጃው በየመንገዱ ይነሳል፤ እሾሁ አስፋልቱ ላይ ይረግፋል። የብላክቶርን እሾህ ረጅም ነው፣ ጎማውን በስቶ ውስጥ ይቀራል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ካላማዳሪያውን ለውጬ፣ ነፍቼ፣ ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ እንደገና ተነፈሰ። እሾሁን አላወጣሁትም ነበር። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና መንፊያ ይኑራችሁ። ጎሚስታ በየጥጉ የለም።

መንደር ሲደርሱ እበላለሁ ማለት

መንደሩ ስም አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ሱቅ ግን ላይኖረው ይችላል። ፐቡ (መጠጥ ቤቱ) ቢኖርም የወጥ ቤቱ ሰዓት ከምሳ በኋላ ያበቃል፤ ሰኞ ጭራሽ የማይከፍት ብዙ ነው። ከኪሴ ዳቦ ቆሎና ሙዝ አይጠፋም።

ወደ ቤት መመለሻውን ለመጨረሻ ማቆየት

አንዳንድ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ባቡሮች ለብስክሌት ቀድሞ ቦታ መያዝን ይጠይቃሉ፤ ቦታውም ጥቂት ነው። ጠዋት ወደ ለንደን በሚጨናነቅበት ሰዓት ደግሞ ሳይታጠፍ የማይገባባቸው አሉ። ሌላው ችግር መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ጣቢያ የሌለው ሲሆን ነው። በየሐምሌው ብዙ ሰው ከለንደን ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ እስከ ደንዊች የባሕር ዳርቻ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ደንዊች ባቡር የለም። ሳያስብበት የሄደ ሰው ንጋት ላይ ባሕሩን እያየ መመለሻውን ይቆጥራል።

መብራትንም እዚሁ ላይ ልጨምር፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። ዲሴምበር ውስጥ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው።

ነፋሱን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። እንግሊዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነፍሰው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ትንበያውን አይታችሁ እንደዚያ ከሆነ በባቡር ወደ ምዕራብ ሂዱ፣ በብስክሌት ወደ ምሥራቅ ተመለሱ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሞርተን ኢን ማርሽ ጣቢያ ለመድረስ የመጨረሻዋን ሃያ ኪሎ ሜትር ነፋሱን በደረቴ እየገፋሁ ባቡሩ ካመለጠኝ በኋላ ነው።