በአዲስ ሰፈር መንገድ ሲጠፋብን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከመሀል አዲስ አበባ ወጥቶ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት መንገድ ቢጠፋበት ባለማስተዋል ሊታማ አይገባም። አንጎል ቦታን የሚለይበት የራሱ ሥርዓት አለው። ያንን ሥርዓት ያወቀ ሰው አዲሱን ሰፈር ቶሎ ይለምዳል።

ምልክት፦ የሌላ ብሎክ ደረጃ ወጥቶ የሰው በር መሞከር

ሦስተኛ ፎቅ ደርሰው ቁልፉ አልዞር ሲል፣ ከውስጥ የማያውቁት ድምፅ «ማነው?» ሲል ነው የሚነቁት። በሩም፣ ደረጃውም፣ የኮሪደሩ ስፋትም ከራስዎ ቤት አይለይም።

መንስኤ፦ ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1971 ሂፖካምፐስ በሚባለው የአይጥ አንጎል ክፍል ውስጥ፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ምት (አጭር የኤሌክትሪክ ግፊት) የሚሰጡ የነርቭ ሴሎች ማግኘታቸውን አሳወቁ። የቦታ ሴሎች ይባላሉ። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች አይጦች ጎን ለጎን በተሠሩ፣ ፊታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ በሆነ ተመሳሳይ ክፍሎች ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ያው ሴል በየክፍሉ በዚያው ጥግ ምት ይሰጥ ነበር። ክፍሎቹ በግማሽ ክብ ተደርድረው አቅጣጫቸው ሲለያይ ግን ሴሎቹ አንዱን ከሌላው ለዩ፤ አይጦቹም ትክክለኛውን ክፍል ለመማር ቀለላቸው። በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው የቆሙ ብሎኮች ሰውን የሚያምታቱት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

መፍትሄ፦ ብሎክዎን የሚለዩበትን ነገር በርዎ ላይ ሳይሆን የደረጃው መነሻ ላይ ይፈልጉ፤ የሚሳሳቱት እዚያ ነውና። የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን። ጉሊትም የጀበና ቡና መሸጫም ማታ ይነሳል፤ የአሸዋ ክምር በሳምንት ያልቃል። የውኃ ታንከር፣ ትራንስፎርመር፣ የአጥር ጥግ ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ብሎክዎን ዙሪያውን በእግር ይዙሩት፤ ከኋላም ከጎንም ይግቡበት።

ምልክት፦ በየቀኑ የሚመላለሱበትን መንገድ አለማወቅ

ከታክሲ ወርደው ቤት ይገባሉ፤ ታክሲው በሌላ በኩል የዞረ ቀን ግን የት እንዳሉ አያውቁም።

መንስኤ፦ ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። አይጥ ስትንቀሳቀስ ሂፖካምፐሷ ውስጥ ቴታ የሚባል የኤሌክትሪክ ሞገድ በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ኦኪፍና ማይክል ሬስ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፣ አይጧ ወደ አንድ ሴል ክልል፣ ማለትም ያ ሴል ምት ወደሚሰጥበት ቦታ፣ ስትገባ ሴሉ ምት የሚሰጠው ዘግይቶ፣ የሞገዱ ዑደት ሊያልቅ ሲል ነው። በክልሉ ውስጥ ወደፊት በሄደች ቁጥር ምቱ በየዑደቱ እየቀደመ ይመጣል። ከበሮ ሲመታ ዘግይቶ ማጨብጨብ ጀምሮ፣ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየቀደመ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ምቱ የተሰጠበት ቅጽበት ራሱ መልእክት ነው፤ አይጧ ከክልሉ መግቢያ፣ መሀል ወይም መውጫ ላይ መሆኗን ይናገራል። የብዙ ሴሎች ምት ሲደማመር በአንዲት ዑደት ውስጥ ያለፈችበት፣ ያለችበትና የምትደርስበት ቦታ በተራ ይሰለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይኸው የምት መቅደም ለሚጥል በሽታ ሕክምና ኤሌክትሮድ በተተከለላቸው ሰዎች አንጎል ውስጥም ተመዝግቧል።

ይህ ሥርዓት የራስን እንቅስቃሴ ይፈልጋል። አይጦች በትንሽ መኪና ተጭነው ሲዞሩ ሞገዱ ደከመ፤ የአንዱ ሴል ክልልም ሰፋ፣ ማለትም ካርታው ሻከረ። ሚኒባስ ውስጥ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል ያለው አይመስለኝም።

መፍትሄ፦ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱና ይራመዱ። ሲራመዱ ቀጥሎ የሚመጣውን ከማየትዎ በፊት ይጥሩት፦ «አሁን ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ ድልድዩ»። የዚያን ዕለት ማታ በደንብ ይተኙ። አይጦች ሲሮጡ አብረው ምት የሰጡ የቦታ ሴሎች በቀጣዩ እንቅልፍም አብረው እንደሚሠሩ እ.ኤ.አ. በ1994 ታይቷል።

ምልክት፦ ሰሜኑ ደቡብ ሆኖ መታየት

አንጎል ውስጥ ጭንቅላት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ምት የሚሰጡ ሌሎች ሴሎች አሉ። የሚያመለክቱት አቅጣጫ ሲዞር የሁሉም አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ሲሳሳቱም አንድ ላይ ነው። ከመራመድዎ በፊት ቆም ብለው ሩቅ ያለ ነገር ይፈልጉ። ከኮዬ ፈጬ እንጦጦ በሰሜን፣ የረር በምሥራቅ ነው፤ ከጀሞ ደግሞ ወጨጫ በምዕራብ፣ ፉሪ በደቡብ። በክረምት ጉም ተራራውን ሲሸፍነው ዋናውን አስፋልት ይያዙ።

ምልክት፦ አዛውንት የኖሩበት ሰፈር ሲጠፋባቸው

ይህን ከላይ ካሉት ጋር አያምታቱት። አዲስ ኮንዶሚኒየም የገቡ እናት ብሎክ ቢሳሳቱ የሚጠበቅ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ጉለሌ ወይም ሾላ ከጠፋባቸው ግን ሐኪም ያስፈልጋል። ከሂፖካምፐስ ጋር የተያያዘውና ኤንቶራይናል ኮርቴክስ የሚባለው ክፍል በአልዛይመር መጀመሪያ ከሚጎዱት አንዱ ነው። ሜይ ብሪትና ኤድቫርድ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ቦታን እንደ ፍርግርግ በእኩል ርቀት የሚከፋፍሉትን የፍርግርግ ሴሎች ያገኙት፣ በ2014 ከኦኪፍ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በዚሁ ክፍል ላይ ባደረጉት ምርምር ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ እንደጠፋባቸው ጽፈው ይያዙ። እስከዚያው ብቻቸውን እንዳይወጡ፣ የልጅ ስልክ ቁጥርና የብሎክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ከኪሳቸው እንዳይለይ ያድርጉ።